የዘር እህልን ከነቀዝ ለመጠበቅ የዕፅዋት መዓዛማ ዘይት ያለው ጥቅምና ወሰን
በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ለሚሠሩ የእርዳታና የማቋቋሚያ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርታዊ ጽሑፍ

መግቢያ

ድርቅ በደረሰበት አካባቢ ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ «ዝናቡ ዘነበ ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ጥያቄ ግን «ዝናቡ ሲዘንብ የሚዘራ ዘር አለ ወይ?» የሚለው ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ቀጥሎም በ1977 ዓ.ም. ወሎንና ሰሜን ሸዋን ክፉኛ በጎዱት የረሃብ ዘመናት ከታዩት ከባድ ችግሮች አንዱ ይኸው ነበር። ገበሬው በሬውን ሸጦ፣ ዘሩን በልቶ ከጨረሰ በኋላ ሰማዩ ቢታረቅም እርሻው ወዲያውኑ ሊታረቅ አልቻለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢዋ በደረሰው ግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉ ወገኖችም ወደ ቀያቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ጥያቄ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ዘር በሰው እጅ ገብቶ፣ ከሰው አፍ ተርፎ፣ በመጨረሻ የነቀዝ ቀለብ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ጉዳይ ነው። በተለይም በጓሯችንና በተራራችን የሚበቅሉ መዓዛማ ዕፅዋት ነቀዝን ለመከላከል ምን ያህል እንደሚረዱ፣ ከየት ላይ እንደሚቆሙና ሠራተኛው ለገበሬው ምን ብሎ ማስረዳት እንደሚገባው ለመግለጽ ይሞክራል።

1. የጉዳዩ ክብደት

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የቆላ ከተማ ናት። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚሆነው ከጣርማበር ጫፍ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከብርድ ወደ ሙቀት ይሸጋገራል። ይህ የአየር ጠባይ ልዩነት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለነቀዝም ትልቅ ትርጉም አለው። የጎተራ ተባዮች ከ25 እስከ 33 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ በብዛት ይራባሉ፤ ከ15 ዲግሪ በታች ግን መራባታቸው ይቆማል ለማለት ይቻላል። ስለዚህ በመንዝ ደጋ አንድ ዓመት ያለ ብዙ ጉዳት የሚቀመጥ እህል በቀወት ቆላ በጥቂት ወራት ሊበላሽ ይችላል።

የይፋት ቆላ ዋና ዋና ሰብሎች ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ናቸው። ጤፍ ከቅንጣቱ ማነስ የተነሣ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ማሽላና ማሾ ግን ለነቀዝ የተመቹ ናቸው። ለኪሳራው ግምት እንዲሆነን አንድ ቀላል ስሌት እንውሰድ። 10 ኩንታል ማሽላ ያስገባ ቤተሰብ ከመቶ 10 እጁን ለነቀዝ ቢያስረክብ የጠፋው 1 ኩንታል ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ በሚታደለው የእህል እርዳታ ብናሰላው ይህ ኩንታል ለአንድ ሰው ከ6 ወር በላይ የሚሆን ቀለብ ነው። እንደዚህ ያሉ 1,000 ቤተሰቦች ቢኖሩ የጠፋው 1,000 ኩንታል፣ ማለትም 100 ቶን ይሆናል። ይህን ያህል እህል ከወደብ አጓጉዞ ለማምጣት የሚወጣውን ነዳጅና ድካም የእርዳታ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት በይፋት ቆላ በአንድ የዘር ማከፋፈያ ቦታ ተገኝቶ ነበር። ለእደላ የመጣው ማሾ ለብዙ ወራት በመጋዘን የቆየ ነበር። አንድ አዛውንት ከተሰፈረላቸው ላይ በመዳፋቸው ዘግነው እፍ ቢሉት ዱቄቱ በነነ። «ልጄ፣ ይህ እኮ ወንፊት ነው፤ ዘር አይደለም» አሉ። ሆኖም ሌላ ስላልነበረ ተቀብለው ሄዱ። በዚያው ቀን አንዲት እናት ከቤታቸው በቅል ያስቀመጡትን ጥቂት ማሾ አምጥተው አሳዩን። በአመድና በደረቀ በሶብላ ለውሰው፣ የቅሉን አፍ በጭቃ መርገው ያቆዩት ነበር። ከዚያ ማሾ ውስጥ የተበሳ ቅንጣት ፈልገን ያገኘነው ጥቂት ብቻ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚዘረዘረው ሐሳብ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ዘሮች መካከል ያለውን ልዩነት ለመረዳት የሚደረግ ሙከራ ነው።

2. የተባዮቹ ጠባይ

ጠላቱን የማያውቅ ተከላካይ በከንቱ ይደክማል። በአካባቢው የተከማቸ እህልን የሚያጠቁ ተባዮች ብዙ ቢሆኑም ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ይበቃል።

ሀ) የማሽላና የበቆሎ ነቀዝ፦ ይህ አፈ ሹል ጥቁር ቡናማ ነፍሳት ነው። ሴቷ ቅንጣቱን በአፏ ትበሳለች፤ በቀዳዳው ውስጥ አንድ እንቁላል ጥላ በሚያጣብቅ ፈሳሽ ትደፍነዋለች። እጩ የሚያድገው በቅንጣቱ ሆድ ውስጥ ስለሆነ ከውጭ አይታይም። በሞቃት ቦታ ከ5 ሳምንት ገደማ በኋላ አድጎ፣ ቅንጣቱን በስቶ ይወጣል።

ለ) የማሾ ነቀዝ፦ ይህኛው እንቁላሉን የሚያጣብቀው በቅንጣቱ ላይ ነው። ልብ ብሎ ለሚመለከት ሰው እንቁላሉ እንደ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይታያል። እጩ ከእንቁላሉ በቀጥታ ወደ ቅንጣቱ ውስጥ ይገባል፤ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜም ክብ መስኮት ከፍቶ ይወጣል። ያደገው ነቀዝ የሚኖረው ለሁለት ሳምንት ያህል ቢሆንም ሴቷ በዚህ አጭር ዕድሜዋ እስከ 100 የሚደርስ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ነቀዝ ገና ሰብሉ በማሳ ሳለ በዛላው ላይ እንቁላል መጣል የሚጀምር መሆኑ ነው። ስለዚህ ጎተራው ንጹሕ ቢሆንም ነቀዙ ከእህሉ ጋር አብሮ ሊገባ ይችላል።

ሐ) የእህል የእሳት ራት፦ ትንሽ ገለባ መሰል ቢራቢሮ ናት። የምታጠቃው በተለይ የክምችቱን የላይኛ ክፍልና ሳይፈለፈል የተቀመጠውን የማሽላ ራስ ነው።

ከዚህ የምንማረው ዐቢይ ቁም ነገር አንድ ነው። ከእህሉ ላይ ሲርመሰመስ የምናየው ነቀዝ የጠላታችን ጥቂቱ ክፍል ነው፤ ብዙው በቅንጣቱ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ያደገውን ብቻ የሚገድል ዘዴ ለጊዜው ያስደስታል እንጂ ከወር በኋላ አዲስ ትውልድ መውጣቱን አያስቀርም።

3. የዕፅዋት መዓዛ ነቀዝን የሚጎዳው እንዴት ነው?

በመጀመሪያ ሁለት ዓይነት ዘይቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ከኑግ፣ ከሰሊጥና ከሱፍ ተጨምቆ የሚወጣው የምግብ ዘይት ነው። ወረቀት ላይ ቢንጠባጠብ እድፉ አይለቅም፤ በአየር ውስጥም አይተንም። ሁለተኛው ከቅጠል፣ ከአበባ ወይም ከልጥ የሚገኘው መዓዛማ ዘይት ነው። ይህ በቶሎ ይተናል፤ ቅጠሉን በእጃችን ስናሸው አፍንጫችንን የሚመታው ሽታ እርሱ ራሱ ነው።

መዓዛማ ዘይት የሚወጣበት መንገድ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። አረቄ በሚወጣበት ስልት፣ ቅጠሉ በሚፈላ ውሃ እንፋሎት እንዲታጠን ይደረጋል፤ እንፋሎቱ ሽታውን ተሸክሞ በቱቦ ያልፍና በቀዝቃዛ ውሃ አማካይነት ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ዓይነት ዘይት ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። የሚገኘው መጠን ግን አነስተኛ ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ የነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል በአማካይ የሚወጣው ከ1 እስከ 2 ኪሎ የሚደርስ ዘይት ነው። በአገራችን የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል እንደ ጠጅ ሣርና የጥብስ ቅጠል ያሉ መዓዛማ ዕፅዋትን በማላመድና ዘይታቸውን በማጥናት የታወቀ ነው።

ዘይቱ በውስጡ የያዛቸው ንጥረ ነገሮች ብዙ ናቸው። በባሕር ዛፍ ውስጥ ሲኒኦል፣ በጠጅ ሣር ሲትራል፣ በጦስኝ ታይሞልና ካርቫክሮል፣ በኮሰረት ሊናሎል፣ በቅርንፉድ ዩጂኖል በዋናነት ይገኛሉ። ተክሉ እነዚህን የሚያዘጋጀው ራሱን ከነፍሳትና ከሻጋታ ለመከላከል ነው። በነቀዝ ላይ የሚያደርሱት ጉዳትም በሦስት መንገድ ይገለጻል።

አንደኛ፣ ያባርራሉ። ነፍሳቱ ምግቡንና ተጓዳኙን የሚፈልገው በሽታ በመሆኑ ኃይለኛ መዓዛ መንገዱን ያሳስተዋል። ሁለተኛ፣ ይገድላሉ። ትነቱ በሰውነቱ ጎንና ጎን ባሉት ጥቃቅን የመተንፈሻ ቀዳዳዎች ገብቶ የነርቩን ሥራ ያውካል። ሦስተኛ፣ የእንቁላሉን መፈልፈል ይቀንሳሉ። ይህ በተለይ እንቁላሉን በቅንጣቱ ላይ ለሚጥለው ለማሾ ነቀዝ ይሠራል። በቅንጣቱ ውስጥ ተደፍኖ የሚያድገውን የማሽላ ነቀዝ እጭ ለማግኘት ግን መዓዛው ብዙ ይቸገራል።

እዚህ ላይ የመዓዛማ ዘይት ጥንካሬም ድካምም ከአንድ ምንጭ የመጡ መሆናቸውን ማስተዋል ይገባል። የሚገድለው ስለሚተን ነው፤ ኃይሉን የሚያጣውም ስለሚተን ነው። አየር በሚያስተላልፍ ጎተራ ወይም በተለምዶ «ማዳበሪያ» በምንለው ከረጢት ውስጥ የተጨመረ ቅጠል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተራ ገለባ ይሆናል። አፉ በተደፈነ ዕቃ ውስጥ ግን ትነቱ ታስሮ ይቆያል። የእኒያ እናት ዘር የዳነው በበሶብላው ብቻ አይደለም፤ በተመረገው የቅል አፍም ጭምር ነው።

4. በአካባቢው የሚገኙ ዕፅዋት

ይፋት ከደጋ እስከ ቆላ የተዘረጋ በመሆኑ ዕፅዋቱም እንደ ከፍታው ይለያያሉ። በመንዝና በጣርማበር ብርዳማ ቦታዎች ጦስኝ በምድር ላይ ተነጥፎ ይበቅላል። ነጭ ባሕር ዛፍ በደጋው በየመንደሩ አለ። በወይና ደጋው ኮሰረትና ዳማከሴ ይገኛሉ። በቆላውና በመስኖ ዳር በሶብላና ጠጅ ሣር በጓሮ ይለማሉ። ኒምም ሙቀትንና ድርቅን የሚችል ስለሆነ ለቆላ የሚስማማ ዛፍ ነው፤ ይሁን እንጂ የኒም ዋናው ኃይል በፍሬው ውስጥ ካለው መራራ ንጥረ ነገር የሚመጣ በመሆኑ ከመዓዛማ ዘይት ጋር ሊቀላቀል አይገባም።

ለምርጫው መመሪያ የሚሆነን የእናቶች ማጀት ነው። ኮሰረት ቅቤ ለማንጠር፣ በሶብላ ለበርበሬና ለሽሮ ማጣፈጫ፣ ጦስኝ ለሻይ የሚገቡ ናቸው። ስለሆነም ለምግብ በሚውል እህል ላይ መጨመር ቢያስፈልግ እነዚህን መምረጥ ይገባል። ባሕር ዛፍና ኒም ግን ሽታቸውና ምሬታቸው በእህሉ ላይ ስለሚቀር ለዘር ብቻ ቢውሉ ይሻላል።

5. የአሠራር ቅደም ተከተል

ሀ) ጎተራውን ማጽዳት፦ አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት የቆየው ርዝራዥ ተጠርጎ መቃጠል አለበት። ስንጥቁ በጭቃ ይመረግ። አሮጌ ጆንያ በፈላ ውሃ ተነክሮ በፀሐይ ይድረቅ። አዲሱን ከአሮጌው መቀላቀል ነቀዝን በራስ እጅ ማራባት ነው።

ለ) ማድረቅ፦ በእርጥብ እህል ላይ የትኛውም ዘዴ አይሠራም፤ ሻጋታም ያስከትላል። የማሽላና የማሾ እርጥበት ከመቶ 13 እጅ ገደማ ቢሆን ይመረጣል። መለኪያ በሌለበት ቦታ ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ከተው ለጥቂት ደቂቃ ይነቅንቁት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ አልደረቀም፤ ወደ አውድማው ይመለስ።

ሐ) ቅጠሉን ማዘጋጀት፦ ቅጠሉ በጥላ እንጂ በፀሐይ አይደርቅም፤ ፀሐይ መዓዛውን ያባርረዋል። ከደረቀ በኋላ ይወቀጣል። የሚወቀጠውም ለአገልግሎት በሚፈለግበት ዕለት ቢሆን ይመረጣል።

መ) መለወስ፦ በሙከራዎች ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መጠን ከእህሉ ክብደት ከመቶ ከ2 እስከ 5 እጅ ነው። ለግማሽ ሄክታር ማሾ የሚበቃ 15 ኪሎ ዘር ቢኖር፣ በከፍተኛው መጠን 750 ግራም ደረቅ ዱቄት ያስፈልጋል።

ሠ) መድፈን፦ ዕቃው ቅል፣ እንስራ ወይም ጀሪካን ሊሆን ይችላል። እስከ አፉ መሞላት አለበት፤ በውስጡ የቀረ አየር ለነቀዙ ትንፋሽ ነው። አፉ በጭቃ፣ በሰም ወይም በጠባቂ ክዳን ይደፈን። በደንብ የተደፈነ ዕቃ እስኪዘራበት ቀን አይከፈት። መድፈን በማይቻልበት ጊዜ ግን በየ15 ቀኑ መፈተሽና ቅጠሉን በየወሩ ማደስ ያስፈልጋል።

ረ) የምግብ ዘይትን መጠቀም፦ መዓዛማ ቅጠል በማይገኝበት ቦታ ለማሾ ዘር የምግብ ዘይት ራሱ ጥሩ መከላከያ ነው። ለ1 ኪሎ ዘር 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አድርጎ ቅንጣቱ ሁሉ እስኪያብረቀርቅ መለወስ ይበቃል። ዘይቱ በቅንጣቱ ላይ ያለውን እንቁላል ትንፋሽ ያሳጣዋል። መደረግ ያለበት ግን እጩ ወደ ውስጥ ሳይገባ፣ ማሾው እንደ ተወቃና እንደ ደረቀ ወዲያውኑ ነው።

ገበሬው ከአባቶቹ የወረሳቸው ዘዴዎችም ሊናቁ አይገባም። ማሽላን ከጤፍ ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ በቅንጣቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነቀዙ መተላለፊያ ያጣል። አመድም የነፍሳቱን ቆዳ ፍቆ ያደርቀዋል። የዘር ማሽላን ራስ ከምድጃ በላይ ሰቅሎ በጢስ ማቆየትም ምክንያት ያለው ልማድ ነው። አዲሱ ትምህርት በእነዚህ ላይ የሚጨመር እንጂ እነዚህን የሚሽር አይደለም።

6. የዘዴው ወሰንና ጥንቃቄ

ይህ ዘዴ ለሁሉ ነገር መፍትሔ ነው ብሎ መስበክ ገበሬውን ማሳሳት ይሆናል። ከላይ የተጠቀሰው 15 ኪሎ ዘር 3 ኪሎ ያህል እርጥብ ቅጠል ይበቃዋል፤ ይህ የአንድ ጓሮ ምርት ነው። በዚያው መጠን 10 ኩንታል ማሽላ ለመለወስ ግን 50 ኪሎ ደረቅ፣ ማለትም 200 ኪሎ ያህል እርጥብ ቅጠል ሊያስፈልግ ነው። ይህን ከአንድ መንደር ሁሉም ቤተሰብ ቢፈልገው ተራራው ይራቆታል፤ ጦስኙም ከሥሩ ይነቀላል። ስለዚህ የመዓዛማ ዕፅዋት ተገቢ ቦታ የዘር እህልና ጥቂት የቤት ጥራጥሬ ነው። ለቀለብ እህል አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ይሻላል። ይህ ከረጢት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በካሜሩን ከነቀዝ ጋር ይታገሉ ለነበሩ ገበሬዎች በአሜሪካው የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፎ የተሠራና በአገራችንም የገባ ነው። እንደ ኮምቦልቻና አዳማ ባሉ ከተሞች የሚገኙ ትላልቅ የእህል መጋዘኖች ደግሞ በሠለጠነ ባለሙያ በጋዝ መታጠናቸው የግድ ነው።

ስለ ጋዝ ሲነሣ ዝም ተብሎ የማይታለፍ ጉዳይ አለ። ነቀዝ ያስቸገረው ቤተሰብ የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል ከገበያ ገዝቶ በሚተኛበት ቤት ውስጥ በእህሉ ላይ ሊጨምር ይችላል። እንክብሉ ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዝንና ሰውን አይለይም፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ሰው በሚያድርበት ቤት ፈጽሞ ሊሠራበት አይገባም። ለእርሻ የተሠራ ፀረ ተባይ ዱቄትን በቀለብ እህል ላይ መነስነስም እንዲሁ አደገኛ ነው። መዓዛማ ዕፅዋትን ለማስተማር የምንደክምበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው፤ ለችግረኛው ሌላ አማራጭ ሳናሳየው «ይህን አትንካ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

በሌላ በኩል «ከተክል የተገኘ ሁሉ አይጎዳም» የሚለው አባባል ስሕተት ነው። ለዚህ ትምባሆ ሲለማባት የኖረችው ሸዋ ሮቢት ጥሩ ምስክር ናት። የትምባሆ ቅጠል ነፍሳትን ይገድላል፤ በውስጡ ያለው ኒኮቲን ግን ለሰውም መርዝ ነው፤ ስለዚህ ከእህል ጋር አይቀላቀል። የጉሎ ፍሬም እንዲሁ ነው። ተጣርቶ የወጣ መዓዛማ ዘይትም ከቅጠሉ እጅግ የበረታ በመሆኑ ከሕፃናት መራቅ አለበት፤ በቆዳ ላይ ወይም በዓይን ውስጥ እንዲገባ መተው አይገባም። በቅጠል የተለወሰ የምግብ እህል ከመፈጨቱ በፊት ተነፍቶ ነፋስ ሊያገኘው ይገባል።

7. ከሠራተኛው የሚጠበቀው

የልማትና የእርዳታ ሠራተኛ በየቀበሌው ቀላል ሙከራ አድርጎ ለገበሬው ማሳየት ይችላል። ሦስት እኩል ዕቃዎች ይዘጋጁ፤ በእያንዳንዱም እኩል ማሾ ይግባ። የመጀመሪያው ያለ ምንም ነገር፣ ሁለተኛው በቅጠል ተለውሶ ሳይደፈን፣ ሦስተኛው በቅጠል ተለውሶና ተደፍኖ ይቀመጥ። ከ2 ወር በኋላ ከየዕቃው 100 ቅንጣት ተቆጥሮ ስንቱ እንደተበሳ ይመዝገብ። ሌላ 100 ቅንጣት በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ስንቱ እንደበቀለ ይታይ። ገበሬው በገዛ ዓይኑ ያየውንና በገዛ እጁ የቆጠረውን ያምናል።

ይህ ቆጠራ ለእርዳታ ሰጪውም ግዴታ ሊሆን ይገባል። ዘር ከመታደሉ በፊት ከየክምችቱ 100 ቅንጣት አብቅሎ ማየት የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ይህን ሳያደርግ የሚያድል ሠራተኛ በመዝገቡ ላይ «ዘር ታደለ» ብሎ ይጽፋል፤ በማሳው ላይ ግን ምንም አይበቅልም። ከአንድ አካባቢ ወደ ሌላ ተዛውረው ለሚሰፍሩ ወገኖችም የአከመቻቸት ትምህርት ከመሬት ድልድሉ ጋር አብሮ መሰጠት አለበት። በደረቅ አገር የለመዱት ጎተራ እርጥበት በሚበዛበት አዲስ ሰፈር ላይስማማ ይችላልና።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከትነው የዕፅዋት መዓዛ ብቻውን ጎተራን አያድንም። ንጽሕና፣ ድርቀትና መድፈን ሲቀድሙት ግን የአንድ ቤተሰብን ዘር እስከ ዝናቡ ቀን ሊያደርስ ይችላል። በቆላ የሚኖር ችግረኛ ገበሬ ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ጥቂት፣ ትጋትና እውቀት ግን ብዙ ነው። እውቀቱን ማድረስ የእኛ ፈንታ ነው። እኒያ አዛውንት ዳግመኛ ዘር ሲሰፈርላቸው ከመዳፋቸው ላይ ዱቄት እንዳይበንን ለማድረግ ሥራው መጀመር ያለበት ከአውድማው ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በምትሠሩበት ቀበሌ ዘር የሚቀመጠው በምን ዓይነት ዕቃ ነው? ከዕቃዎቹ መካከል ሊደፈን የሚችለው የትኛው ነው?
2. በአካባቢያችሁ ለምግብ የሚውሉ መዓዛማ ዕፅዋት የትኞቹ ናቸው? ሳይራቆቱ በጓሮ ሊለሙ የሚችሉትስ?
3. ባለፈው ዓመት በእናንተ እጅ የታደለው ዘር ከመታደሉ በፊት የመብቀል ፈተና ተደርጎለት ነበርን? ካልተደረገስ ምክንያቱ ምን ነበር?